ባቲ፣ ደርሶ መልስ

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሆጤን ሜዳ ዞርኩት፣
እንደ አውድማ በሬ ሣሩን አደቀቅኩት።
ይማም ከጥግ ቆሞ «ፍሪሲዮን፣ ቀስ!» ይላል፣
ሞተሩ ይሞታል፣ ይነሣል፣ ይዘላል።
ልጆች አጥሩን ይዘው ይቆጥራሉ ጮኸው፣
«ሰባት! ስምንት!» እያሉ፣ በኔ ሞት ተደስተው።

ዛሬ ግን ሰኞ ነው።
የስፌት ቤቴን ቆልፌ፣
የሐዋን ቀሚስ ሳልጨርስ ከነመርፌው አሳርፌ፣
የወንድሜን ጃኬት ለብሼ፣ የሱን ጓንት አጥልቄ፣
ወጣሁ ከቧንቧ ውሃ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ።
«ኮምቦልቻ ደርሼ እመለሳለሁ» አልኩ ለራሴ።
ውሸቴን ነው። ባቲ ናት ትናንት ያደረችው ከትራሴ።

ሐረጎ።
ስንቴ ወርጄዋለሁ በሚኒባስ ተኝቼ፣
የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ አፌን ከፍቼ።
ዛሬ ነቅቻለሁ፤ ኩርባውም አንድ በአንድ
እንደ ኬላ ዘብ ቆሞ ይለኛል «ወዴት ነው መንገድ?»
ሁለተኛ ማርሽ። ፍሬኑን አትርገጪ፣ ታጠፊ፣ ልቀቂ።
ዓይንሽ ወዳየው ነው ጎማው፤ ገደል እንዳታይ ተጠንቀቂ።
እንዲህ ነው ይማም ያለኝ። እኔ ግን ገደሉን አየሁት፤
የእናቴን ማርያም፣ ያባቴን አላህ፣ ባንድ ትንፋሽ ጠራሁት።
ከኋላ ሲኖትራክ መጣ፣ ጡሩምባው ጀርባዬን ገፋ፣
አሳለፍኩት፤ ሲያልፍ ነፋሱ ግማሽ ነፍሴን ይዟት ጠፋ።

ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ወጣ። ቦርከናን ተሻገርኩና
አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች፤ ለኔ ነው፣ ለሌላ አይደለምና፣
በራሴ እጅ ነሣኋት፣ መሪውን ብለቅ እወድቃለሁና።

ከዚያ መንገዱ ወረደ፣ ወረደ፣ አየሩ ተቀየረ፣
የደሴ ብርድ ካንገቴ ላይ እንደ ሻሽ ተፈትቶ በረረ።
ግራር፣ አሸዋ፣ ፍየል። ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛ፣
ቆጣሪው ስልሳ ሲል ጮህኩ። ሰሚዬ አንዲት ግመል፤ እሷም ዳተኛ።

ከዚያ፣ ክ… ክ… ክ… ዝም።
ቆላ ላይ ዝምታ ይጮኻል፤ ደግሞ ይተኩሳል፣ ያቃጥላልም።
ቁልፉን አዞርኩ። ረገጥኩ። ካንዴላውን ነካሁ፣ ፈጀኝ፣
የብድሩን ወር ቆጠርኩ፣ «ሌባ ሻጭ!» አልኩ፣ እንባ ቀደመኝ።
ለይማም ልደውል? ደውዬስ ምን እላለሁ?
ጃኬቱን እየፈለገ ነው፤ ድምፁን ከዚህ እሰማለሁ።

ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ፣ ሦስት ግመል፣ አንድ በትር፣
ከየት እንደመጡ እንጃ። እሳቸው የኔን፣ እኔ የሳቸውን አንናገር፤
ጎንበስ ብለው ከነዳጁ ጋን ሥር አንዲት ትንሽ ነገር
እንደ ባለጌ ልጅ ጆሮ ቆንጥጠው አዞሯት።
«ሪዘርቭ» አሉኝ።
ከዓለም ቃላት ሁሉ ሁለታችንም ያቺን ብቻ ነው የምናውቃት።

ይማም ነግሮኝ ነበር! ስለ ፍሬን ሳስብ ረሳሁት።
ሞተሩ ባንድ ምት ተነሣ። እጃቸውን ልስም አልኩ፣ አፈርኩ፣ ተውኩት።
ብስኩት ነበረኝ፣ ሰጠኋቸው፤
ለግመሉ አካፈሉት።

ባቲ ግማሽ ቀን ልውል ያልኩት ሩብ ሰዓት ቆየሁ፣
ሞተሬን ማን ነካብኝ እያልኩ ገበያውን በዓይኔ ጥግ አየሁ።
ሚሪንዳ ጠጣሁ፤ ነዳጅ ሞላሁ፤ አንድ ሜትር ቀይ ጨርቅ ገዛሁ፣
ለሐዋ ቀሚስ ጥለት ነው እያልኩ ራሴን ደለልኩ፣ አበዛሁ።

ስመለስ ሐረጎን ጉም ውጦታል። የጠዋቱ ኩርባ ሁሉ
ረስቶኛል መሰለኝ፤ ስሜን እንደ አዲስ ይጠይቃሉ።
መለስኩላቸው፣ ቀስ ብዬ፣ በማርሽ።

ይማም በር ላይ ነበር፣ ጋቢ ደርቦ፣
ምንም አላለኝ። ጎማውን ዞሮ አየ፣ ቆጣሪውን አነበበና ተጠግቶ፣ ቀርቦ፣
ነዳጅ ስሞላ ረስቼ የተውኳትን ያቺን ጆሮ መለሳት።
«ኮምቦልቻ ነበር…» ስል፣ ከኪሴ ያደረችውን ቀይ ጨርቅ በጫፏ ጎተታት፣
አሸተታት። «ባቲ ይሞቃል?» አለኝ።
ጃኬቱን ሳይጠይቀኝ ገባ።

እኔ ተኛሁ። እጄ ግን እየተንዘረዘረ፣
ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲነዳ አደረ።