የመሸበት እንግዳ

ከቁስቋም ፍርስራሽ፣ ጣራው ከተነሣ፣
መረብ ተዘረጋ፣ አይደለም ለዓሣ፤
ለሌሊት ወፍ እንጂ። ጥር ነው፣ ይበርዳል፤
አስረስ ባትሪውን በጥርሱ ይነክሳል።
ዘበኛው ጋሽ ዝናቤ ጋቢ ተከናንበው
«ምን ልትረባችሁ ነው?» ይላሉ ቀርበው፤
«ለወፍ ንጉሥ ‹አይጥ ነኝ›፣ ለአይጥ ንጉሥ ‹ወፍ ነኝ› ብላ፣
ግብር ሳትገብር የኖረች፣ ከግንቡ ተደላድላ፣
ለእናንተ ደሟን ልትገብር?»
                    ስቄ ዝም አልሁ።

በጥጥ ጫፍ ምራቋን ጠረግሁ በቀስታ፤
ልቧ ከጓንቴ ሥር ይመታል ያለ ፋታ።
«ቁጥር አርባ ሦስት» ብዬ ጽፌ ስለቃት
ወደ ንግሥት እልፍኝ በረረች፣ ማን ያግዳት።

ጋሼ፣ የምንሻው እሷን አይደለም፣ እሷ ዘንድ ያደረውን ነው፤
ከሁለት ያጣስ እሱ ነው።
ሙት እንዳይሉት ይባዛል፤
ሕያው እንዳይሉት አይበላ አይጠጣ፣ ብቻውን ሲቀር ትቢያ ይሆናል።
ጓዙ አንዲት ክር ናት፣ አጭር ደብዳቤ፣
በጮማ ፖስታ የታሸገች፣ ጋሽ ዝናቤ።
ልማዱን ያውቁት የለ፤ መንገድ የመሸበት ሰው
«ቤት ለእግዜር» ሲል ማን ነው ደጅ የሚያሳድረው?
ሴሏም ትከፍታለች። እግሩን ሳይታጠብ
ጓዳ ይዘልቃል፤ ደብዳቤው ሲነበብ
«የራሳችሁን ሥራ ተዉ፤ እኔን ቅዱ፣ እኔን አብዙ»፣
ይኸው ነው ቃሉም፣ መዘዙ።
ሲነጋ ሺህ እንግዳ ግድግዳ ጥሶ ይወጣል፤
ከጎረቤት ደጅ ቆሞ ያንኑ ቃል ይላል፦
ቤት ለእግዜር።
ቤት ለእግዜር።

እኛ ደግሞ ስንነቃ እሳት እንለኩሳለን፤
እንግዳ ለማስወጣት የገዛ ቤታችንን እናነዳለን።
ትኩሳቱ የኛው ፍም፣ ሳንባን የሚሞላው ውኃ የኛው ቁጣ፤
አንዳንዴ እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው የሚወጣ።
ይህች እፍኝ የማትሞላ ግን፣ ገርበብ አድርጋ በሯን፣
በልኩ ታበላዋለች፣ በልኩ ታዳፍናለች እሳቷን።
እንዴት ቻለችበት? ይኸው ነው ጥያቄያችን፤
ስለሱ ነው ቁስቋም ላይ ብርድ የሚጠብሰን።

*

ስምንት ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ፤ ባንቺአምላክ ምጥ ይዟታል።
(ታናሽ እኅቴ ናት፤ ባሏ መተማ ሄዷል።)
አስረስን ከነመረቡ፣ ጋሼን ከነጥያቄያቸው ትቼ
ቁልቁል ወረድሁ፤ ሆስፒታል ገባሁ፣
ልብሴን ቀይሬ፣ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ አሽቼ።

ሴት ልጅ። ጮኸች።
ሲስተር ትርንጎ ግን ገና አልሳቀችም፤ እትብቱን ይዛ ትጠብቃለች፦
«የእንግዴ ልጁ አልወረደም።»

እዚያው ቆሜ ያነበብሁት ሁሉ መጣብኝ፦
ከዘራችን መዝገብ ከመቶው ስምንቱ ገጽ የኛ እጅ ጽሑፍ አይደለም፤
ጥንት አድረው፣ ሲነጋ መንገዱ የጠፋቸው፣
ዛሬ ዘመድ የምንላቸው።
ከነሱ አንዱ፣ ድሮ በሽታ ሳለ ሴል ከሴል ያጣበቀበት ክንዱ፣
አሁን በማሕፀን ግድግዳ ይመርጋል፣
በእናትና በልጅ መካከል፤ እህሉ እንዲያልፍ፣ ደሙ እንዳይቀላቀል።
በር የሰበረው ሌባ
በረኛ ሆኖ ገባ።

ታዲያ ማን ነበር፣ በማይክሮስኮፕ ሳያይ፣
ያችን ሥጋ «የእንግዴ ልጅ» ያላት?
የቋንቋችን አዋላጅ ማን ነበረች?

ወረደ። ትርንጎ በሳህን ላይ ገልብጣ አየችው፤
«ሙሉ ነው» አለች፣ ያኔ ሳቀች።

*

ሲነጋ መረብ ልጠቀልል ተመለስሁ።
«ምን ወለደች?» አሉ ጋሽ ዝናቤ።
«ሴት።»
«የእንግዴ ልጁስ?»
«ወርዷል።»
«እሰይ! የእንግዳ መግቢያው አይደለም፣ መውጫው ነው የሚያስፈራ።»

ቱቦዎቹን ከበረዶው ሳጥን ቀበርሁ።
ከእልፍኙ ስንጥቅ ቁልቁል ተሰቅለው፣
ክንፋቸውን እንደ ጋሼ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል።
አርባ ሦስት የትኛዋ እንደሆነች
አልለየኋትም።