ግንድ ላይ መቆም

ጥር ነው፤ ዩቫስኩላ፤ ሐይቁ ድንጋይ መስሎ ተኝቶ፣
ፀሐይ በሦስት ተኩል ብቅ ብሎ፣ ዘጠኝ ላይ እንደ ባለዕዳ ሸሽቶ፣
ሰማንያ አንድ ዓመቴን በአንድ ምርኩዝ ደግፌ
ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ከበረዶው አርፌ፣
ሱሪዬን እስከ ጉልበት ጠቅልዬ ቆሜያለሁ፤
ብረት ሰሌዳ ላይ፣ እንደ ድንች ጆንያ እመዘናለሁ።

ፒንያ ትባላለች የምትለካኝ ልጅ፤
ቅንድቧ የነጣ፣ አፏ ፈጣን፣ እጇ ወዳጅ።
የሚያበሩ ኳሶች፣ አተር አተር የሚያህሉ፣
ቁርጭምጭሚቴ፣ ጉልበቴ፣ ዳሌዬ ላይ ተለጠፉ ሁሉ።
ስምንት ካሜራ ያየኛል፤ ሟቿ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አላየችኝ።
«ታውኖ፣ ሠላሳ ሰከንድ አትነቃነቅ» አለችኝ።

አትነቃነቅ! ለእኔ!
በሃያ ዓመቴ እኮ፣ ግንድ ነጂ ሳለሁ፣
ኬሚ ወንዝ ላይ፣ በግንቦት ጎርፍ፣ ከግንድ ግንድ እየዘለልሁ፣
ከሥሬ ሲሽከረከር እግሬ ቀድሞት ያውቅ ነበር
ወዴት እንደሚገለበጥ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ መስመር።
ማን አስተማረህ ቢሉኝ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ነው መምህሬ፤
አንዴ የወደቀ አይረሳም፤ ሁለቴ የወደቀ የለም ዛሬ።

ኮምፒውተሩ እያሰበ ሳለ፣ ከኪሷ ወረቀት አወጣች፣
አራት ቦታ የታጠፈ፤ ጥርሷን ነክሳ አነበበች።
«ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው፤ ማመልከቻው ነገ ይዘጋል፤
ካሉት ውስጥ አንዱን ብቻ ይላል።»
«አንብቢልኝ» አልኳት፤ መነጽሬ ካፖርቴ ውስጥ ነው።

ባዮሜካኒክስ፤ የአጥንትን ሸክም በቀመር ማስላት።
ፊዚዮሎጂ፤ ልብ ሲሮጥ፣ ሳንባ ሲያጥረው፣ አብሮ ማጥናት።
የጤና ትምህርት፤ ሰነፉን ከሶፋው በምክር ማንሳት።
የእርጅና ሳይንስ፤ (እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ቀላ)
እና ሌላም፣ ሌላም ከዚያ በኋላ፤
መመረቂያ ጽሑፍ ያለው አለ፣ የሌለው አለ፤
ዶክትሬቱ አራት ዓመት ነው፣ ገንዘብ ከተገኘ፣ ዕድል ካለ።

«በእኛ ጊዜ» አልኳት «ይህ ሁሉ አንድ ስም ነበረው፤ ወገብ።
ወገብ ያለው ይጥገብ፣ የሌለው ይራብ።»

ሳቀች። ካሜራ ልታስተካክል ስትራመድ አየኋት፤
ግራ እግሯ ይዘገያል፣ እንደ ባይተዋር እየተከተላት።
«ምን ሆነሽ?»
«ምንም።»
«ልጄ፣ እኔ ቅርፊቱን አይቼ
ውስጡ የነቀዘውን ግንድ የምለይ ነኝ፣ ስንቱን ገልብጬ፣ ስንቱን ትቼ።»
ዝም አለች። ቆይታ፤ «በስኪ ስዘል፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ነፋስ ከጎን መጣ፤
ከዚያ ወዲህ እንኳን ማማ ላይ፣ ወንበር ላይም አልወጣ።»

ወረድኩ። ምርኩዜን አነሳሁ።
«ውጪ» አልኳት።
«ደንቡ አይፈቅድም።»
«ደንቡን ማን ያየዋል?»
ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ተቀዷል።

መስመሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ፤
የሃያ አራት ዓመት መስመር፣ ከእኔው ብዙም ያልተሻለ።
ስታነበው ቆየች። ሠላሳው ሰከንድ ሞላ።
አልወረደችም።
አዳራሹ ውስጥ ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል።

ማክሰኞ ተመልሼ ጠየቅኋት የመረጠችውን፤
ነገረችኝ፤ ስሙ ረዥም ነው፤ ወንዝ መሃል ሆኜ ብጠራው
ሳልጨርሰው ውሃው ይወስደኝ ነበር እኔን።
ሱሪዬን ጠቀለልሁ። ኳሶቹ ዛሬም ይቀዘቅዛሉ።
ካልሲዋ አዲስ ነው፤ ቀይ።

«አትነቃነቅ» አለችኝ።
እሺ። ዝም ብያለሁ።
ጣቶቼ ግን ብረቱ ላይ ቅርፊት ይፈልጋሉ።