ትእዛዙ አልታወቀም

ሮቦቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም፤
ስሙን «ታዛዡ» አልነው፤ ደመወዝ አይወስድም።
በኢሜይል ታዘዋለህ፣ ርእሱ ላይ አንድ ቃል፣
«መዝግብ» ካልከው ይመዘግባል፣ «ላክ» ካልከው ይልካል፣
የማታውን ፓምፕ እንኳ እሱ ነው የሚያጠፋው።
አባ ኮዳ ዛፍ ላይ አንገቱን ሰብሮ ሲያድር፣ ሐይቁም ሲያንቀላፋ፣
እሱ ቆጣሪ ይደምራል፤ ደረሰኝ አይጠፋው።

አቶ ሣህሉን ግን አላስማማቸውም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዋሳ ውኃ ቢሮ፣ ቆጣሪ ክፍል ናቸው፣
ቀይ ስክሪብቶ ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም።
ፊደል የቆጠሩት ከየኔታ እግር ሥር፤
እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ ጋር
ያምታታ ሰው ካዩ፣
እንቅልፍ የላቸውም ካላረሙት በቀር።
እኔ ደግሞ ሮቦቱን ያስተማርኩት በችኮላ፣
አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፤
ሞክሼዎቹ ሁሉ ቀሩ ወደ ኋላ።

«ሣህሉ ነኝ» ብለው ጻፉለት አንድ ጠዋት፣
«የዓመቱን ሒሳብ ላክ፣ ለመነኻሪያ ቅርንጫፍ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት።»
«ይቅርታ» አላቸው፤ «ሣህሉ የሚባል ሰራተኛ የለም በዚህ ቤት።»
«ይቅርታ?» አሉ፣ መነጽር አውልቀው፤
«ሣህል ማለት እኮ ምሕረት፣ ይቅርታ ማለት ነው፤
አላውቅህም እያለ በስሜ የሚጠራኝ
ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ መልሱን እያተሙ፣
በቀይ እያረሙ፣
ክላሰር ውስጥ ያስገቡት ጀመር፤
ሀዋሳን ሐዋሳ፣ አመትን ዓመት፣ ስራን ሥራ።
ተማሪው የማያየው ደብተር ወፈረ፣ ከመደርደሪያው ተራ።
(እናቴ እስከ ዛሬ «አዋሳ» ነው የምትለው፤
ለእሷ ታዛዡ ምን ሊመልስ ነው?)

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
ዋናው ቧንቧ ፈነዳ፣ ከመነኻሪያው ወደ ታቦር በሚወስደው መንገድ።
ባጃጅ በጎማው ልክ ዋኘ።
አቶ ሣህሉ ከአልጋቸው ላይ፣ በስልካቸው ብርሃን፣
«ውኃ ዝጋ» ብለው ላኩ።
«ይቅርታ፣ ትእዛዙ አልታወቀም።»
«ውኃ ዝጋ!»
«ይቅርታ፣ ትእዛዙ አልታወቀም።»
አራት ጊዜ ላኩ፤ አራት ጊዜ ይቅርታ።
በሃሌታው ሀ «ውሃ» ብለው ቢጽፉ
ያበቃ ነበር ባንዳፍታ።
አልጻፉም።
የዝናብ ልብስ ደርበው፣ ብስክሌት አውጥተው፣
በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣
ጭቃው እስከ ጉልበት፣
ቫልቩን በእጃቸው አዙረው ዘጉት።

ጠዋት ስገባ፣ ጠረጴዛዬ ላይ
አራቱ ይቅርታዎች ታትመው ጠበቁኝ።
ቀዩን እርማት ፈለግኩ፤ አጣሁት።
ጥጉ ላይ ብቻ፣ በቀይ፣ «ልክ ነው» የሚል ምልክት፤
«ትእዛዙ አልታወቀም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር
ለካ ፊደሏ አልተሳሳተም።

አፈርኩ። ወዲያው ተቀምጬ፣
ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ በአንድ መስመር አንድ አድርጌ፣
«በፈለጉት ይጻፉ፣ ከእንግዲህ ይሰማዎታል» አልኳቸው ሮጬ።
ጫማቸው ገና አልደረቀም፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።
«አንድ አድርጊያቸው አላልኩሽም፣ ልጄ፤
ይወቃቸው ነው ያልኩሽ።
መንታ የወለደ አባት፣
ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።
ታዛዡ ይሰማቸዋል አሁን፤ ውኃ ሲሉት ይዘጋል፤
ሲመልስ ግን «ውሃ» ይላል።
እሳቸውም ያትማሉ፤ ያርማሉ፤ ክላሰሩ ሦስተኛው ነው።

ትናንት ለአንድ ደንበኛ የሚሄድ ደብዳቤ
ሳላየው ልልክ ስል፣ «ስራ» የምትል ቃል ላይ ዓይኔ ቆመ።
ኪሴን ዳበስኩ።
ቀይ ስክሪብቶ።