ሦስት እግር

የነዚፍ አባ ጊሳ ልጅ፣ የኮቺዋ ሂክማ፣
አንድ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ ከጅማ፤
ግማሹ ሹራብ ነው፣ ግማሹ ማር፣
ማሩን ጉምሩክ ወሰደው፣ ገና ሳልሻገር።

ቻይናን የማውቃት በመንገድ ሥራ ነበር፣
ቢጫ ቆብ፣ ሬንጅ፣ አቧራ፣ የሮለር ግርግር፤
ከትምህርት ቤት ስንወጣ አጥር ላይ ተንጠልጥለን
«ቻይና! ቻይና!» ብለን፣
ስሙን ማናችንም ሳንጠይቅ
ሙሉ አገር አሸክመነው ስንስቅ።

ሺአን ከተማ፣ ባቡር ውስጥ፣ ተራዬ ደረሰ፤
አንድ ሕፃን ጣቱን ቀሰረ፣ ካፉ ያህጉሬ ስም ፈሰሰ።
ሳቅኩ። ምን እላለሁ?
እዳ ነው፣ ካጥር ላይ የተበደርኩት፣
ከነወለዱ ባቡር ውስጥ የከፈልኩት።

መምህርት ሹ ስሜ አፏ ውስጥ ሲሰበርባት
«አባትሽ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ነገርኳት።
በርጩማ ይጠርባል፣ ከዋንዛ።
ብሩሿን ነከረች፤ አንድ አግድም፣ አንድ ቁልቁል፣
ግራና ቀኝ ሁለት ዘንበል ያለ ጭረት፤
«ሙ» አለችኝ። ዛፍ ማለት።
አራት ወር ሙሉ ዛፍ ተብዬ ተጠራሁ፣
አባቴ ቢሰማ መጥረቢያ ያነሣል ብዬ ፈራሁ።

የሸክላ ወታደሮቹን አየሁ፣ ረድፍ በረድፍ፣
ሥርወ መንግሥት፣ ዘመን፣ ስም፤ ደብተሬ ሞላ እስከ ጫፍ።
እግሬን የያዘው ግን ሌላ ነው፤
ሙዚየም ጥግ ያለ የነሐስ ድስት፣
አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ እግሩ ሦስት።
ሹ ታስረዳለች፦ ላያት ቅድመ አያት የሚሠዉበት፣
ነገሥታት ክብራቸውን የሚለኩበት።
እኔ ጉልቻ ነው ያየሁት፣ ከድስቱ ተጋብቶ
አብሮት የሚሄድ፣ ምድጃውን ትቶ።
ደግሞ ያባቴን በርጩማ፣ ያባቴን ድምፅ፦
«አራት እግር ልስን ወለል ይፈልጋል፤
ሦስት እግር የትም ይቆማል፣
ምድሩን እንዳለ ይቀበላል።»
ፎቶ አነሣሁት፤ መስታወቱ ላይ ግንባሬም አብሮ ተነሣ፣
ይሁን፣ እንዲህም ሆኖ ላሳየው፣ ለነዚፍ አባ ጊሳ።

በክረምት ተመለስኩ። አዌቱ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣
ባጃጁ እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለውሶ።
ጎረቤት ከበበኝ፦ እባብ ቀምሰሻል? ኩንግ ፉ ትችያለሽ?
እዚያ ድረስ ሄደሽ እንዴት አንድ ስልክ አታመጪም፣ አመልሽ!
አባቴ ምንም አላለ።
ፍቅፋቂውን ከጉልበቱ አራግፎ፣
መጥረቢያውን ግድግዳ አስደግፎ፣
ፎቶውን አየ። ስልኩን ዘቅዝቆ ደግሞ አየ፣
ከሥሩ የሚታይ ነገር እንዳለ።
«እግሩ የተቀጠለ ነው፣ ወይስ ካንድ ግንድ የወጣ?»
አራት ወር። ሦስት ደብተር።
ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ ያ ጥያቄ ያለበት ገጽ ታጣ።

በዚያው ሌሊት ለሹ ጻፍኩ። መብራት ጠፍቷል፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
ሊነጋ ሲል መልስ መጣ፣ እሷ ዘንድ ረፍዶ፦
«እኔም አላውቅም ነበር፤ ጠየቅኩልሽ።
ከነእግሩ ነው የፈሰሰው፣ ባንድ ቅርጽ፣ ባንዴ፣ ተዋህዶ።»
አባቴ ሱብሒ ሰግዶ ሲገባ አነበብኩለት።
ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣
ሙያተኛ ሙያተኛን ሲያገኝ እንደሚነቀንቀው፤
«እንግዲያስ የሠራው ሰው አዋቂ ነው።»

ቆየና፦
«ስሙስ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።
ቢጫ ቆብ፣ አጥር፣ የልጆች ሳቅ
ጆሮዬ ውስጥ ሽው አለብኝ።
እሱ መልስ አልጠበቀም።
የዋንዛውን ግንድ በእግሩ አንከባሎ አቆመው፣
በአውራ ጣቱ ሦስት ቦታ ነካ፣
እግሮቹ ውስጥ እንዳሉ ያወቀ ይመስል።