ፌድ ወይስ ዞርኪ

መጋላ፣ ፀጉር ቤቱ በራፍ ላይ፣ ሮብሌ ሸቀጡን ዘርግቷል፤
ፒንሳ፣ የሐዲድ ብሎን፣ የቆመ ሰዓት ይሸጣል፤
ከጨርቁ ዳር ደግሞ ሁለት ካሜራ፣
የሶቭየት ሥራ።

«ፌዱ ጤነኛ ነው፤ ዞርኪው ያነክሳል።
ሁለቱንም ግን መጀመሪያ ጠምዝዝ፤
ሳትጠመዝዝ ቁጥሩን ብትነካ፣ ጥርሱ ይረግፋል።»

በፌዱ መስኮት ፊቱን ፈለግሁ፤
ሁለት ሆኖ ዋለለ። ቀለበቱን ቀስ ብዬ ሳዞር
ተሳስቦ ገጠመ፤
አንድ አፍንጫ፣ አንድ የጫት ጉንጭ፣ አንድ ሮብሌ ቆመ።

ዞርኪውን አነሳሁ።
ባዞር፣ ባዞር፣ እምቢ።
ቢጫው ጥላ ከጎኑ አይርቅ፣
ወይ አይገባበት፤ አንዱ ሲስቅ
ሌላውም ደብዝዞ ይስቃል።
«ይኼንን ማን ይገዛል?»

ጫቱን ወደ ሌላ ጉንጩ አዞረ።
«የመንታዬ ነበረ፤
በሌሊቱ ባቡር ለጅቡቲ ተሳፈረ።»
ሌላ አልጨመረ።

ፌዱን ገዛሁ። ብሬን ሁለቴ ቆጠረ።

ደቻቱ ድልድይ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ፣
የሌንሱ ክዳን እሱ ዘንድ ቀርቷል።
ተመለስኩ።
ሮብሌ ጀርባውን ለገበያው ሰጥቶ፣
ከፀጉር ቤቱ መስታወት ፊት፣
ዞርኪውን ዓይኑ ላይ ደግኖ ቆሟል፤
ቀለበቱን አይነካም።

ክዳኑን ሳልጠይቅ ሄድኩ።