አትናፈጥ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዱቄት ደመና
ባፌ ስተነፍስ፣ አፍንጫዬ መና፤
ወፍጮ ቤቴ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና በላይ፣
ጤፉን ከማሽላው በመዳፌ ስለይ፣
ጎረቤት በሽታ ዱቄቱን ሲያውቀው፣
እኔን ግን በሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁ፣ ጭጋጉ እንዳየለ፤
ደሴ ላይ ቀጭን ዘንግ፣ ካሜራ ያዘለ፣
ባፍንጫዬ ገብቶ ሥጋውን ነቀለ።
ስነቃ ጉሮሮዬ እንደ ገለባ ደርቋል፤
ዶክተሩ «ጨረስን» ብሎኝ ፈገግ ብሏል።
ሲስተር ጦይባ ግን፣
«የሱ ነው ያለቀው፤ ያንተ ገና» አለች፤
ወረቀቱን ትታ በጣቴ ቆጠረች።

«አውራ ጣትህ ይኸው፦ አትናፈጥ። ዋናው ነው።
ማስነጠስ ቢመጣ፣ አፍህን ክፈተው፣
አፍነህ አትያዘው።
ስትተኛ ትራሱን ሁለት አድርገው፤
ኩንታል የሚባል ነገር፣ በዓይንህ ብቻ እየው።
ሶላትህን ወንበር ላይ፤ አላህ ያውቅልሃል፤
ሱረቱንም ተወው፣ ያለሱ ይኖራል።
ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝ፣ ይሄን ጨው በጥብጥ፣
ጠዋት ማታ እጠብበት፤ ግን፣ አትናፈጥ።»
ጣቴ አለቀባትና ወደ ግራ እጄ ዞረች፤
ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«ዓይንህ ዙሪያ ቢያብጥ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ቢታይ፣
ደሙ አልቆም ቢል፣ ትኩሳትህ ቢወጣ ወደ ላይ፣
ወይ እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ባንዱ ቀዳዳ ቢወርድ፣
ነገ አትበል። በሌሊትም ቢሆን ና፤ አትፍራ መንገድ።»

በአምስተኛው ቀን እትዬ አስረበብ መጡ፣
ፌጦ ቋጥረው፣ እየተቆጡ፦
«ውስጥ የቀረ ደም ይመርዛል፤
ናፈጥ ናፈጥ አርገው፣ ያኔ ይቀልሃል!»
መሐረብ ዘረጉ።
አቤት ያን ጊዜ፣ ውስጤን ጉንዳን ሲሄድበት፣
አንዴ ብናፈጥ ኖሮ፣ የዓለም ሀብት!
አውራ ጣቴን አየሁት።
መሐረቡን አጥፌ ላብ ጠረግሁበት።

በዘጠነኛው ቀን ሙህዬ ቀረብኝ፤
ኩንታል ማሽላ በር ላይ አፈጠጠብኝ።
ሃያ ዓመት ጀርባዬን የሚያውቅ ሰፈር
ወንበር ላይ አየኝ፣ እጄን አጣጥፌ እንደ ሙሽራ ሳፍር፤
ራቢያ ከባለ እህሏ ጋር ተጋግዛ ጎተተች፤
«ቁጭ በል!» አለች። ሌላ ቃል አላወጣች።

በአሥራ ሁለተኛው ንጋት፣ እንቅልፍ አደናብሮኝ፣
ወንበሩን ዘንግቼ፣ ምንጣፉን ግንባሬ ሲነካ፣
ጠብ። ጠብ።
ደም አይደለም፤ የጠራ ውሃ፣ ልክ እንዳለችው ለካ።
ራቢያ ሻርፗን ገልብጣ አጠለቀች፤
በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ እስከ ሐረጎ ጫፍ ዱዓ አደረገች።
ጦይባ ትንሽ ብልቃጥ ሰጥታኝ፣ «ጎንበስ በል፣ ይንጠብ» አለች።
አንድ ሰዓት አጎነበስኩ። ብልቃጡ ደረቅ።
«የማታው ጨው ውሃ ነው፤ ጓዳ ውስጥ አድሮ ሲለቅ።
ግን መምጣትህ ደግ ነው»፣ ቆየት ብላ፣ «በዚህ አትሳቀቅ።»
ዶክተሩ ቅርፊቱን ለቀመ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤
«ካልጸዳ ይጣበቃል፣ የከፈትነው በር ይዘጋል» እያለ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ጭንብል አጥልቄ፣ ወፍጮው ሲያጓራ፣
ደንበኛ ከነስልቻው ተሰልፎ በየተራ፣
«አጥፉት!» አልኩ።
ማንም ምንም አላየ፤ ጭስ የለ፣ እሳት የለ።
ሙህዬ ማጥፊያውን መታ፤ ክዳኑን ከፍቶ፣ «ቺንጋው!» አለ፤
ጠርዙ ከስሏል፣ ሊበጠስ ትንሽ ቀርቶት።
ራቢያ ከደጅ ሮጣ ገባች።
«ጀርባህን ሰጥተኸው ቆመህ፣ በምን አወቅህ?»
«በሽታ» አልኳት።
ደንግጣ እጇን ግንባሬ ላይ ጫነችበት።