ስምንት ሳህን

ሦስት ነን ሽማግሌ፣ ጋቢያችን ታጥቦ፣
ከአዘዞ በባጃጅ፣ ጉልበት ተደራርቦ፣
ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንለምን መጣን፤
የምንቆምበት ደጅ፣ ደጁን ግን አጣን።

የልጅቱ እናት፣ ወይዘሮ የሻረግ፣
«ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ አትመችም ለወግ፤
ፒያሳ፣ ቻይኖቹ ቤት፣ ከሆቴሉ ፎቅ ላይ፣
ቅዳሜ አሥራ ሁለት፤ እኔ ነኝ ከፋይ»
ብላ ልካብን ነው።

በሩ መስታወት ነው፤ ሳንነካው ተከፈተ።
«ሳንናገር አንቀመጥም» ልንል ስንዘጋጅ፣
ወንበሩን ሳበልን አንድ ቀይ ለባሽ ልጅ፤
ባየልኝ ደክሞት ነው መሰል፣ ተጎለተ።
እኛም ተከተልን።

ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩን ሊጀምር ሲል
ሻይ መጣ፤ ስኳር የሌለው፤ አበባ አበባ የሚል፤
ቀመሰና «ፀበል ነው እንዴ?» አለኝ በጆሮዬ፤
እግሩን ረገጥኩት በጫማዬ።

ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሶብ ነው እንዳንለው
መሐሉ ላይ ደግሞ የሚዞር መስታወት አለው።
ወደ መብሉ አይሄዱም፤ መብሉ ነው ሚመጣ፤
የገፋኸው ሳህን ሌላው ፊት ነው ሚወጣ።
ማጉረስ ቢያምርህ እንኳ ማዶ ለማዶ ነው፤
አንገረብ በነሐሴ ሞልቶ እንደምናየው።

አንደኛው ኪያር ነው፣ ተቀጥቅጦ የተኛ፤
«ይሄ መቅድሙ ነው» አለ ተገኜ፣ ቅኔ አዋቂው የኛ።
አሳላፊው ገና ከወጥ ቤት ሳይወጣ፣
«አሁን ጎድጓዳው ነው» አለች፣ «ሾርባ ነው ሚመጣ።»
መጣ። እንቁላሉ ውስጡ እንደ ጥጥ ተፈትሏል።
«ቀጥሎ ሞላላው፤ ዳክዬ ይይዝ ነበር፤ ለናንተ ዶሮ ይሆናል፤
ያረደው የኛው ሰው ነው፤ አሳማውንም አስቀርቻለሁ።»
ተያየን። «በምን አወቅሽ?» አላልኩም፤ አፍሬያለሁ።

ሁለት ሁለት እንጨት ሰጡን። ባየልኝ ጋቢው ላይ ስንት ሩዝ ዘራ!
እኔ ግን ሰዓት አዳሽ ነኝ፤ አርባ ዓመት ከወረንጦ ጋራ፤
አንዲት ለውዝ አነሳሁ እንደ ሰዓት ጥርስ፣
እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ እስከ አፌ ድረስ።
የሻረግ አየችኝ፤ ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

አራተኛው አለፈ፤ አምስተኛውም፤ እኛ «እንግዲህ…» እያልን፣
ባልን ቁጥር ልጁ ሌላ ሳህን ይዞ ብቅ እያለብን።

ስድስተኛው ዓሣ ነው፣ የጎርጎራ፣ ሙሉ፣
ከነራሱ፣ ከነዓይኑ፣ ከነጅራቱ ሁሉ።
ልጁ መስታወቱን ቀስ አድርጎ አዞረው፤
የዓሣውን ራስ አምጥቶ እሷ ፊት አቆመው።
«ወጋቸው ነው» አለን፣ «ራሱ ያየው ሰው የክብር እንግዳ ነው፤
እሱ ሳይቀምስ ማንም እጁን አያነሳም።»

ዝም አለች። እንፋሎቱ በፊቷ አለፈ።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ጓዳ አጥቤያለሁ፤
ሳህኑን በክብደቱ፣ መብራት ጠፍቶ እንኳ፣ አውቃለሁ፤
ይህን ዓሣ ግን በአጥንቱ ነበር የማውቀው፤
ልጄንም ያስተማራት ያው አጥንቱ ነው።
ሥጋ ለብሶ፣ እንዲህ ሆኖ፣ ዛሬ ገና አየሁት፤
ከምን እንዳደገች፣ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ቀምሳችሁ እወቁት።»

ተነሣን፣ ሦስታችንም፣ ከተቀመጥንበት፣
የባየልኝ ጋቢ ሩዙ እየረገፈበት፤
ያ የሚታወቅበት ረጅም መግቢያ ጠፋበት፤
«ልጅሽን ለልጃችን» አለ። ይኸው ነው።
ከወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እጃቸው አረፋ የሆነ
ሁለት ሴቶች ቆመው ያዩ ነበር።

መጨረሻው ብርቱካን ነው፣ በትንሽ ሳህን፤
በጣቷ ጠርዙን ዳበሰች፣ አገኘችው ሽራፊውን፤
«ይህቺን እኔ ነኝ የጣልኳት፤ ከደመወዜ ቆርጠዋል፤
እንግዲህ የኔ ናት» ብላ ሳቀች።
መልሷን ግን አልሰጠችም። «ዘመድ ላማክር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ፤
ያኔ በቤቴ ነው፤ ደጁ ላይ ቁሙልኝ፤ ወጋችንን አትርሱ።»

ስንወጣ ዞር ብዬ አየኋት፤ እጇ ሳታዘው
ሳህኑን በየመጠኑ ይደረድራል፣ ትልቁን ከሥር፤
ቀይ ለባሹ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣
ያን እጇን ያዘው።